ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ሲስተሙ ሲንቀራፈፍ

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው የአንድ መጋዘን ሲስተም ይጠብቃል። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ 13 ነው። ሰርቨሩ 16 ኮር አለው። ጠዋት አንድ የዕቃ መውጫ ሰነድ ሲመዘገብ 80 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መኪኖች ተደርድረው 180 የሚሆን ሠራተኛ አንድ ላይ ሲገባ ያው ምዝገባ 12 ሰከንድ ይፈጃል። ሲፒዩው ግን ከ25 በመቶ አያልፍም። ራሙን ከ32 ወደ 64 ጊጋባይት አሳደግን፤ ለውጥ የለም። ኮኔክሽን ሞላ እያለ ሲያስቸግረን ጣሪያውን ከ200 ወደ 600 አደረግነው፤ ጭራሽ ባሰበት። ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የሚላከውን ጥያቄ) ለብቻው ስሞክረው ፈጣን ነው። ኢንዴክስ ጎድሎን ይሆን?»

ወንድሜ፣ አብሽር። ኢንዴክስ (ዳታቤዙ የሚፈልገውን ረድፍ ቶሎ የሚያገኝበት ማውጫ) አይመስለኝም። ምክንያቱን ራስህ ጽፈኸዋል፦ ሲፒዩው ከ25 በመቶ አያልፍም። ከ16 ኮር 4ቱ ይሠራሉ፣ 12ቱ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል ማለት ነው። ኢንዴክስ ቢጎድል ኖሮ ዳታቤዙ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ያነብ ነበር። ያ ንባብ ወይ ሲፒዩውን ወይ ዲስኩን ያስጮኸዋል። ጠዋትም ቢሆን ይታይ ነበር። ያንተ ሰርቨር ግን አልደከመም። ሴሽኖችህ፣ ማለትም ከዳታቤዙ ጋር የተከፈቱት ግንኙነቶች፣ የዘገዩት ሥራ በዝቶባቸው አይደለም። ቆመው እየጠበቁ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ የሐረጎን ዳገት ታውቀዋለህ። ከፊትህ የተጫነ ተሳቢ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተ ከሆነ ያንተ መኪና አዲስ ሆነ አሮጌ ለውጥ የለውም። ጠመዝማዛው ላይ መቅደም አይቻልም። ኋላህ ሃያ መኪና ተሰልፏል። የሁሉም ሞተር ይሠራል፤ ነዳጅ የሚረግጥ ግን የለም። ሞተር ብታስቀይርም ደሴ የምትገባው በተሳቢው ፍጥነት ነው። ራም መጨመራችሁ ይኸው ነው። ጣሪያውን 600 ማድረጋችሁ ደግሞ ከታች ተጨማሪ መኪና ወደ ዳገቱ መልቀቅ ነው።

ኩዌሪው ለብቻው ሲሆን መፍጠኑም አይግረምህ። ሐረጎን በሌሊት ብቻህን ብትነዳው መንገዱ ያንተ ነው። ኤክስፕሌይን አናላይዝ (ኩዌሪውን ሮጦ እያንዳንዱ እርምጃ ስንት ጊዜ እንደፈጀ የሚያሳየው ትእዛዝ) ጥሩ መሣሪያ ነው፣ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ማታ ቢሮው ባዶ ሆኖ ብትሮጠው ወረፋውን አታይም። ወረፋ የሚታየው ወረፋ ባለበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ 9 ሰዓት ላይ ቦታው መገኘት ነው። ሩብ ጉዳይ ሲሆን አንድ ሴሽን በዋናው አስተዳዳሪ ስም ከፍተህ ጠብቅ። ጣሪያው ከሞላ በኋላ መግባት ሊያቅትህ ይችላል። ፖስትግሬስ ሳይነካ 3 ቦታ ለዋናው አስተዳዳሪ ለይቶ ያስቀምጣል። አፕሊኬሽናችሁ ራሱ በዚያ ስም የሚገባ ከሆነ ግን (እንዲህ ያለ ብዙ አይቻለሁ፣ ነገ ዛሬ ሳትል አስተካክለው) ያም ይሞላል።

ከዚያ ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የሚባለውን እይታ ጠይቀው። ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ መስመር ይሰጥሃል። ብዙ ዓምድ አለው፤ ለጊዜው አራቱ ይበቁሃል። ስቴት፣ ዌይት ኢቨንት ታይፕ፣ ዌይት ኢቨንት እና ትራንዛክሽኑ (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ሥራዎች ጥቅል) የተጀመረበት ሰዓት። የመጀመሪያው ሴሽኑ ምን ላይ እንዳለ ይነግርሃል። መካከለኞቹ ሁለቱ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ይነግሩሃል። የመጨረሻው ተሳቢውን ለማግኘት ያገለግልሃል።

አንዴ አይተህ ግን አትፍረድ። በየሰከንዱ አንድ ጊዜ፣ ለ10 ደቂቃ፣ ያየኸውን ወደ አንድ ሠንጠረዥ ገልብጠው። ስቴታቸው አይድል የሆነውን ተዋቸው፤ እነሱ ምንም አልጠየቁም። 600 ቅጂ ይኖርሃል። ከዚያ በሚጠብቁት ነገር ዓይነት ቁጠራቸው። ደጋግሞ የታየው ጊዜህን የበላው ነው። ለዚህ ውድ የክትትል ሶፍትዌር አያስፈልግህም። አንድ ወጥመድ ብቻ አለ። ይህ እይታ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አንዴ ከተነበበ ያው ሥዕል ነው የሚደጋገመው። ቅጂውን በአንድ ሉፕ ውስጥ ብትጽፈው 600 ጊዜ ያንኑ ፎቶ ታነሣለህ። እኔ አንድ ከሰዓት ሙሉ በዚህ ተሸውጃለሁ። ፒኤስኪውኤል (የፖስትግሬስ የትእዛዝ መስኮት) ውስጥ ያለው ዋች የሚባለው ትእዛዝ እያንዳንዱን በየራሱ ትራንዛክሽን ስለሚሮጥ በእሱ ሥራው።

አሁን ወደ ንባቡ። ስቴቱ አክቲቭ ሆኖ ዌይት ኢቨንቱ ባዶ ከሆነ ሴሽኑ ሲፒዩ ላይ ነው፤ ወይም ለሲፒዩ ተራ እየጠበቀ ነው። ያንተ ሲፒዩ ክፍት ስለሆነ ይህ ጥቂት ይሆናል። እኔ የምጠብቀው ሎክ የሚለው ዓይነት፣ ማለትም ሌላው የቆለፈውን መጠበቅ፣ እንዲበዛ ነው። ካልበዛ ከታች ሌሎቹን አነሣለሁ፤ ግን መጀመሪያ እዚህ እንቆይ።

ሎክ ሥር ሁለት ስም ታያለህ፦ ትራንዛክሽን አይዲ እና ታፕል። ብዙ ሴሽኖች አንዲት ረድፍ ሲሻሙ ከሰልፉ ፊት ያለው፣ ረድፏን የያዘው ትራንዛክሽን እስኪያልቅ ይጠብቃል። እሱ ላይ ትራንዛክሽን አይዲ ይነበባል። ከእሱ ኋላ ያሉት ታፕል ላይ ይሰለፋሉ። አንድ ትራንዛክሽን አይዲ አይተህ ከኋላው መዓት ታፕል ካገኘህ፣ መቶ ሰው የሚሻማባት አንዲት ረድፍ አለችህ ማለት ነው። ፒጂ ብሎኪንግ ፒድስ የሚባለው ፈንክሽን ደግሞ ማን ማንን እንዳስቆመ ይነግርሃል። ከ9.6 እትም ጀምሮ ስላለ አንተም ጋ አለ። ሰንሰለቱን ተከተለው። የምትፈልገው ሌላውን እያስጠበቀ እሱን ግን ማንም የማያስጠብቀውን ሴሽን ነው። ተሳቢው እሱ ነው። ከኋላው ያሉትን 100 ኩዌሪዎች ማመቻቸት ድካም ነው።

ግምቴን ልንገርህ። ብዙ የመጋዘን ሲስተም የሰነድ ቁጥር የሚሰጠው ከአንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ነው። ውስጧ አንዲት ረድፍ አለች፤ የመጨረሻው ቁጥር ተጽፎባታል። ምዝገባው ሲጀመር ቁጥሩ በአንድ ይጨመራል። ከዚያ ዕቃዎቹ ይጻፋሉ፣ ክምችቱ ይቀነሳል፣ መጨረሻ ላይ ኮሚት፣ ማለትም ማጽደቅ። ረድፏ ከመጀመሪያው እስከ ኮሚት ተይዛ ትቆያለች። ጠዋት የሚሻማት የለም። 9 ሰዓት ላይ ግን ሂሳቡን ሥራው። እያንዳንዱ ለ80 ሚሊሰከንድ ከያዛት በሰከንድ የሚያልፈው 12 ተኩል ሰው ብቻ ነው። 150 ሰው የቀደመው ሠራተኛ 12 ሰከንድ ይጠብቃል። 12 ሰከንድ ያልከኝ አንተ ነህ። ማስረጃ አይደለም፤ ግን ቁጥር እንዲህ ሲገጥም ጆሮዬ ይቆማል።

ይህ ከሆነ መድኃኒቱ ብዙ ነው። ቁጥር ቢዘል ግድ ከሌላችሁ ሲኩዌንስ (የፖስትግሬስ የራሱ ቁጥር ሰጪ) ተጠቀሙ። ሲኩዌንስ ማንንም አያስጠብቅም። በዚያው ልክ ትራንዛክሽኑ ቢሰረዝ የወጣው ቁጥር አይመለስም፣ ክፍተት ይቀራል። የሂሳብ ክፍሉ «ቁጥር እንዳይዘል» ብሎ ድርቅ ካለ (ይላል፣ እመነኝ) ቁጥሩን የትራንዛክሽኑ መጨረሻ ላይ፣ ልክ ከኮሚት በፊት ውሰዱት። ያኔ ረድፏ የምትያዘው ለ80 ሳይሆን ለጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። ወይም ለእያንዳንዱ መጋዘን በር የራሱን ቆጣሪ ስጡት። ከሁሉ በፊት ግን በትራንዛክሽኑ ሆድ ውስጥ ምን እንደተከተተ እይ። ፕሪንተር መላክ፣ የጽሑፍ መልእክት መላክ፣ ሌላ ሰርቨር መጠየቅ እዚያ ውስጥ ካለ አውጣው። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ 180 ሰው መቆም የለበትም።

ያው ነገር ክምችቱም ላይ አለ። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ዕቃ በሚያወጣበት ቀን የዚያች ዕቃ የቀሪ ረድፍ ትንሽ ሐረጎ ትሆናለች። እግረ መንገድህን፣ አንዱ ሰነድ ሲሚንቶን አስቀድሞ ብረትን ካስከተለ፣ ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ከሄደ፣ ሁለቱ ተያይዘው ይቀራሉ። ዴድሎክ የሚሉት ነው። ፖስትግሬስ ካልተነካ ይህን መፈተሽ የሚጀምረው ከ1 ሰከንድ ጥበቃ በኋላ ነው፤ ከዚያ አንዱን ይጥለዋል። ዕቃዎቹን ሁልጊዜ በመለያ ቁጥራቸው ቅደም ተከተል መጻፍ ይህን ያስቀረዋል። አንድ መስመር ኮድ ነው።

አሁን ሁለተኛው ተጠርጣሪ። እዚህ የራሴን ጉድ ላውራ።

ከዓመታት በፊት እዚህ ደሴ ለአንድ ድርጅት ሲስተም ሠርቼ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ይቆማል። ሌላ ቀን ደህና ነው። ኔትወርኩን ጠረጠርን። መብራቱን ጠረጠርን። ኢንዴክስ በላይ በላዩ ጨመርኩ። ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግኩ። ሪስታርት ሲደረግ ደግሞ ይድናል፤ በሽታው ሳይታወቅ ወራት የቆየውም ለዚህ ነው። በመጨረሻ አንድ ዓርብ ምሳዬን ትቼ ሰርቨሩ አጠገብ ቁጭ አልኩ። አንድ ሴሽን ስቴቱ አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሆኖ 50 ደቂቃ ሞልቶታል። ለካ ፕሮግራሙ የዋጋ ማስተካከያው ገጽ ሲከፈት ትራንዛክሽን ይጀምራል፣ ረድፎቹን ይቆልፋል፣ ሴቭ እስኪባል አይለቅም። የዋጋ ክፍሉ ሰው ገጹን ከፍተው ለጁምዓ ሰላት ይወጣሉ። እሳቸው ምን አጠፉ? ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አይድል ኢን ትራንዛክሽን ማለት ዳታቤዙ የሚሠራው ነገር የለም፣ አፕሊኬሽኑ ቀጥሎ የሚለውን እየጠበቀ ነው፣ ቁልፎቹ ግን አልተለቀቁም ማለት ነው። ሰው የሚያስብበት፣ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ትራንዛክሽን ውስጥ መግባት የለበትም። ይህን የሚገታ ማስተካከያ አለ፤ አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውት ይባላል፣ ካልነካኸው ዝግ ነው። 60 ሰከንድ ብትለው ጥሩ መነሻ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ኮኔክሽኑን ስለሚቆርጠው ለፕሮግራመሮቹ አስቀድመህ ንገራቸው፤ ያልተነገረው ፕሮግራመር ማታ ደውሎ ይጮህብሃል። እንዲህ ያለውን ሴሽን በእጅህ ማንሣት ካስፈለገህ ካንስል አይሠራም፤ የሚሰረዝ ኩዌሪ የለውማ። ተርሚኔት ባክኤንድ ነው የሚባለው። ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል ፕሮሰሱን በግድ መግደል ግን በፍጹም። አንዱን ትገድላለህ፤ ፖስትግሬስ ሜሞሪው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ሁሉንም ሴሽን አስወጥቶ ከመነሻው ያገግማል።

ሌላም አንድ ተሳቢ አለ፤ ከሩቅ አይታይም። ፖስትግሬስ ላይ ማንበብ መጻፍን አያግድም፣ ስለዚህ ረጅም ሪፖርት ብቻውን ጥፋተኛ አይሆንም። ነገር ግን ሪፖርቱ እየሮጠ ሳለ አንድ ሰው ዓምድ ልጨምር ብሎ አልተር ቴብል ቢል፣ እሱ ሪፖርቱ እስኪያልቅ ይቆማል። ከእሱ በኋላ የመጡ ቀላል ኩዌሪዎች ሁሉ ደግሞ ከእሱ ኋላ ይቆማሉ። አጥፊው ራሱ ምንም አልሠራም፤ ቆሟል ብቻ። እንዲህ ዓይነት ለውጥ ስትሠራ ሎክ ታይምአውቱን 2 ወይም 3 ሰከንድ አድርገህ ግባ። ካልሆነለት ይውጣና ቆይቶ ይሞክር።

ወደ 600 ኮኔክሽኑ ልመለስ። 180 ሰው ይዛችሁ 200 ኮኔክሽን መሙላቱ አልገረመህም? ሲስተሙ ሲዘገይ ሰው ዝም ብሎ አይጠብቅም። ሴቭን ደግሞ ይጫናል። ገጹን ያድሰዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን አልሞተም፤ ወረፋው ውስጥ ነው። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ቦታ ይይዛል። ጣሪያው 200 በነበረ ጊዜ ትርፉ በር ላይ ይመለስ ነበር። አሁን ሁሉም ገብቶ እዚያችው ረድፍ ላይ ተሰልፏል። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰነድ ካላችሁም ምንጩ ይኸው ሊሆን ስለሚችል ፈትሽ።

በፖስትግሬስ እያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱ ፕሮሰስ ነው። 16 ኮር በአንድ ቅጽበት የሚያስተናግደው 16 ፕሮሰስ ነው። የመጫኛ በር 16 ከሆነ ግቢው ውስጥ 600 መኪና ማስገባት ጭነቱን አያፈጥነውም፣ መውጫውን ይዘጋዋል እንጂ። በ13 ላይ ደግሞ ተጨማሪ ቅጣት አለ። እያንዳንዱ ኩዌሪ ሲጀምር ማን ምን እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ የተከፈቱትን ኮኔክሽኖች በሙሉ፣ ሥራ የፈቱትንም ጭምር ይቃኛል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 14ኛ እትም በጣም ተሻሽሏል። 13 ራሱ በኖቬምበር 2025 ድጋፉ ስላበቃ ማሻሻያውን ለሌላ ዓመት አታቆየው።

የኔ ምክር ፒጂ ባውንሰርን (ጥቂት ኮኔክሽን ለብዙ ሰው የሚያካፍል ፕሮግራም) በአፕሊኬሽኑና በዳታቤዙ መሀል አስገብተህ በትራንዛክሽን ደረጃ ማጋራት ነው። ሠራተኛው 180 ይሁን 500፣ ወደ ዳታቤዙ የሚገባው 40 ገደማ ይሁን። ብዙዎች የሚነሡበት ቀመር የኮሩ ቁጥር በሁለት ተባዝቶ ትንሽ ሲጨመርበት ነው። 40 ሲባል ሰው ይደነግጣል። ግን አጭር ትራንዛክሽን ከሆነ 40 በር ብዙ ነው። ይህ ሲደረግ አንድ ሴሽን ላይ የተቀመጠ ማስተካከያ ወደሚቀጥለው ትራንዛክሽን እንደማይሻገር አስታውስ። አፕሊኬሽናችሁ በዚያ የሚታመን ከሆነ መጀመሪያ ይስተካከል። እና ልብ በል፣ ባውንሰሩ ለረድፏ ሽሚያ መድኃኒት አይደለም። ወረፋውን ከዳገቱ ላይ አንሥቶ ከታች ያደርገዋል፤ ተሳቢውን አያነሣውም።

ቁጠራው ሎክን ባያሳይስ? ያኔ ሁለት ቦታ እይ።

አንደኛው ሪፖርቶቹ። 9 ሰዓት ላይ የዕለቱ ሪፖርት አብሮ የሚሮጥ ከሆነ ፓራለል ኩዌሪ ውስጥ ትገባለህ። ፖስትግሬስ አንድን ትልቅ ንባብ ለረዳት ፕሮሰሶች ያካፍላል። ካልነካኸው ለአንድ ክፍፍል እስከ 2 ረዳት፣ ለሰርቨሩ በሙሉ 8 ረዳት ነው። አራት ሪፖርት አንድ ላይ ሲነሣ 8ቱ አለቁ። አምስተኛው ረዳት እንደሚያገኝ ታስቦ ታቅዷል፣ ሲጀምር ግን ማንም የለም፤ ብቻውን ይጎተታል። ስህተት አይጽፍም፣ ቅሬታ አያሰማም። የሚታወቀው በኤክስፕሌይን አናላይዝ ውስጥ የታቀዱት ረዳቶች ቁጥር እና የተነሡት ቁጥር ሲለያይ ነው። ወርክ ሜምንም (ለአንድ ሥራ የሚፈቀደውን የሜሞሪ መጠን) እዚሁ ተጠንቀቅ። መነሻው 4 ሜጋባይት ነው፤ የሚሰጠው ለሴሽን ሳይሆን በኩዌሪው ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ዳታ የመደርደር ሥራ ነው፣ ረዳቶቹም የየራሳቸውን ይወስዳሉ። 64 ሜጋባይት አድርገኸው 600 ሴሽን አንድ አንድ ቢወስድ ከ38 ጊጋባይት በላይ ነው።

ሁለተኛው ዲስኩ። ኮሚት ማለት የለውጦቹ መዝገብ (ዋል) ዲስክ ላይ እስኪያርፍ መጠበቅ ነው። በቁጠራህ ዋል የሚል ቃል ያለበት ስም ከበዛ ወደዚያ ሂድ። ሰርቨሩ የሬይድ ካርድ (ብዙ ዲስክን አንድ ላይ የሚያስተዳድር ካርድ) ካለው ባትሪውን ፈትሽ። ባትሪው ሲሞት ብዙ ካርድ ጽሑፉን በሜሞሪው ተቀብሎ ማቆየቱን ይተውና በቀጥታ ወደ ዲስክ ይጽፋል፤ ኮሚት በድንገት ይከብዳል። መብራት ሄደት መጣት ሲል ከርሞ ከሆነ መጀመሪያ እሱን እይ። ፒጂ ቴስት ኤፍሲንክ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ከፖስትግሬስ ጋር ይመጣል፤ ማታ ሮጠውና ዲስክህ በሰከንድ ስንት ጊዜ እውነተኛ ጽሑፍ እንደሚችል ይነግርሃል። ፈጣን ይሁን ብለህ ኤፍሲንክን (ጽሑፉ ዲስክ ላይ ማረፉን የሚያረጋግጠውን ማስተካከያ) ግን አትዝጋ። መብራት በሄደ ቀን ዳታቤዙን ይዞብህ ይሄዳል።

ነገ ምን ልሥራ ካልከኝ፣ ዛሬ ማታ ሎግ ሎክ ዌይትስ የሚለውን ክፈት። በአንተ እትም ዝግ ነው፤ ሲከፈት ከ1 ሰከንድ በላይ ቁልፍ የጠበቀውን ሁሉ ሎጉ ላይ ይጽፍልሃል፣ ሪሎድ ይበቃዋል። ነገ 9 ሰዓት ላይ ቅጂውን ሰብስብ። ጣሪያውን ወደ 200 መመለስ ግን ሪስታርት ስለሚጠይቅ ከቢሮ ሰዓት በኋላ አድርገው። ሁለቱን በአንድ ቀን አትቀላቅል፤ የትኛው ምን እንዳመጣ ይጠፋብሃል።

ከዚያ ሦስት ነገር ላክልኝ። የቁጠራውን ውጤት። ከሰንሰለቱ ጫፍ ያገኘኸውን ኩዌሪ። ያ ትራንዛክሽን ስንት ሰከንድ እንደቆየ። የደንበኛ ስምና ዋጋ ካለበት አጥፋው። እስከዚያ ግን ማንም መጥቶ ሰርቨሩን ሪስታርት እናድርገው ቢልህ እጁን ያዘው፤ ተሳቢውን ሳናየው ያሳልፍብናል።